ዘጠኝ ወር የታሸገ መዝገብ፦ የሳቡ ጉዳይ

ኦገስት 15/2011፣ ማንሃተን። አንድ ወጣት ፌዴራል ፍርድ ቤት ቀረበ። 12 ክሶች ነበሩበት። በ12ቱም ጥፋተኛ ነኝ አለ። የክሶቹ ከፍተኛ ቅጣት ሲደመር 124 ዓመት ከስድስት ወር ይመጣል። እንዲህ ያለ ችሎት ኒው ዮርክ ውስጥ ጋዜጠኛ ሞልቶበት ነበር የሚውለው። ያን ቀን ግን ችሎቱ ዝግ ነው፣ መዝገቡም ታሽጓል። ሰውየው የእምነት ቃሉን ሰጥቶ ሲያበቃ ወደ እስር ቤት አልሄደም። በዋስ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ከዚያም ኢንተርኔት ላይ ከጓደኞቹ ጋር ወሬውን ቀጠለ። አንዳንዶቹ ይጠረጥሩት ነበር። በእጃቸው ግን ምንም ማስረጃ አልነበረም። እንዳይኖራቸው ያደረገው ደግሞ የፍርድ ቤቱ ማሸጊያ ነው።

(ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። መዝገቡም በዚያው ስለሆነ ለማመሳከር ይቀላል።)

ስለ ዝግ ችሎት ሲነሳ ሰው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ «ፍርድ ቤት ምን የሚደብቀው አለ?» ይላል። ሌላው «የሰው ነፍስ ይቀድማል» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ለዚህም ነው በደፈናው ሲወራ የትም የማይደርሰው። ስለዚህ አንድ መዝገብ ይዤ ከላይ እስከ ታች ላሳያችሁ። መቼ ታሸገ፣ ለምን ታሸገ፣ ማን ከፈተው፣ ሲከፈትስ ሰውየው ምን ሆነ?

ሰውየው ሄክተር ዣቪየር ሞንሰጉር ይባላል። ኢንተርኔት ላይ የሚታወቀው «ሳቡ» በሚለው ስም ነው። ለልዝሴክ የሚባለው የሀከሮች ቡድን መሪ ነበር፤ ቡድኑ አኖኒመስ ከሚባለው ሰፊ የሀከሮች ስብስብ የወጣ ሲሆን በ2011 በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፎክስን፣ ፒቢኤስን፣ ሶኒ ፒክቸርስንና ሌሎችንም ሰብሮ ገብቷል። ሳቡ ይኖር የነበረው በማንሃተን ሎወር ኢስት ሳይድ፣ ጄከብ ሪስ በሚባለው የመንግሥት የመኖሪያ ግቢ ውስጥ ነው። ሥራ አልነበረውም። ሁለት ትንንሽ የዘመድ ልጆች ያሳድግ ነበር። ጁን 7/2011 ማታ የኤፍቢአይ ሰዎች በሩን አንኳኩ። በዚያው ሌሊት ለመተባበር ተስማማ።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ላጥራ። «ተባባሪ ተከሳሽ» ስል የወንጀል ግብረ አበር ማለቴ አይደለም። ራሱ ተከሶ፣ ቅጣቱ እንዲቀልለት ብሎ ከዐቃቤ ሕግ ጋር የሚሠራ ሰው ማለቴ ነው። መረጃ ይሰጣል፣ ይመሰክራል፣ አንዳንዱም እንደ ሳቡ በስውር እየገባ ሌሎችን ያስይዛል። ሰፈር ውስጥ ስሙ ሌላ ነው፤ ጆሮ ጠቢ ይባላል። ስሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ችግር አልነበረውም።

ኦገስት 5/2011 በተደረገው ዝግ ችሎት ላይ ዐቃቤ ሕጉ ጄምስ ፓስቶሬ ለዳኛዋ ነገሩን ገልጦ ተናገረ። ተከሳሹ ከተያዘበት ቀን ጀምሮ አብሯቸው እየሠራ መሆኑን፣ አንዳንዴም ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ከግብረ አበሮቹ ጋር እየተጻጻፈ በእነሱ ላይ ክስ እንዲገነባ እየረዳ መሆኑን አስረዳ። ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራው ሁሉ ክትትል ይደረግበታል። ይህ እንግዲህ በጽሑፍ የተቀዳ የችሎት ቃል ነው። ያን ገጽ ያኔ አንድ ሰው ቢያገኘው ኖሮ ነገሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዓለምን ይዞር ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ በኋላ የሚሰበስበው የለም።

ዐቃቤ ሕጉ አደጋውንም በምሳሌ ነው ያስረዳው። እኔ ከመዝገቡ ሁሉ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው ይህ ነው። የሀከሮቹ ዓለም በከዳው ሰው ላይ የሚወስደው በቀል ከቀላሉ ይጀምራል፤ ቤቱ በመቶ የሚቆጠር ፒዛ ይታዘዛል። ከበድ ሲል ደግሞ ለፖሊስ ተደውሎ «እዚህ ቤት ሰዎች ታግተዋል» ይባላል፤ መሣሪያ የታጠቀ ልዩ ኃይል በሩን ሰብሮ ይገባል። እስቲ አስቡት። ውስጥ ሁለት ሕፃናት አሉ። ከውጭ ያለው ፖሊስ አጋች አለ ብሎ ነው የሚገባው። ሽጉጥ ይዞ የመጣ ገዳይ አያስፈልግም፤ አንድ የሐሰት ስልክ ይበቃል።

በዚያ ላይ ተፎካካሪ ሀከሮች ገና ከመያዙ በፊት፣ በማርች 2011፣ የአኖኒመስ ሰዎች እውነተኛ ስም ነው ያሉትን ዝርዝር አውጥተው ነበር። የሳቡ ስም አንዲት ፊደል ተሳስታ ነው እንጂ እዚያ ላይ አለች። አሁን የፌዴራል ፍርድ ቤቶች መዝገብ ፔሰር በሚባለው ሥርዓት በኢንተርኔት ይታያል፤ ማንም ሰው በትንሽ ክፍያ ስም አስገብቶ መፈለግ ይችላል። የሳቡ መዝገብ ክፍት ቢሆን ኖሮ የሚጠረጥረው ሰው ሁሉ ስሙን አስገብቶ፣ ክሱን አይቶ፣ «ተከሶ እንዴት ቤቱ ይቀመጣል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነበር የሚቀረው። መልሱን ለማግኘት ሀከር መሆን አያስፈልግም።

እሺ፣ ዳኛ ይህን ሰምቶ በሩን መዝጋት ይችላል ወይ? በቀላሉ አይችልም። አሜሪካ ውስጥ የወንጀል ችሎት ክፍት መሆን የሕዝብ መብት ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1980 በሪችመንድ ኒውስፔፐርስ ጉዳይ ይህንን ከሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያው ማሻሻያ ጋር አያይዞ ወስኖታል፤ በ1980ዎቹ ውስጥም በፕሬስ ኢንተርፕራይዝ ጉዳዮች መለኪያውን አጠበቀው። ለመዝጋት ከባድ ምክንያት መኖር አለበት፣ መዝጋቱም ከአስፈላጊው በላይ መስፋት የለበትም፣ ዳኛው ምክንያቱን በዝርዝር መዝገብ ላይ ማስፈር አለበት።

ኒው ዮርክን የሚመለከተው የሁለተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2005 አልካንታራ በሚባለው ጉዳይ አንድ ነገር ጨመረ። እዚያ ዳኛው የእምነት ቃልና የቅጣት ውሳኔ የሚሰማው ከችሎት አዳራሹ ውጭ፣ ካባውን በሚለብስበት ክፍል ውስጥ ነበር። ይግባኝ ሰሚው አልተቀበለውም። የእምነት ቃልም ሆነ ቅጣት የሚሰማበት ችሎት ክፍት ነው፤ የሚዘጋ ከሆነ ጥያቄው ቀርቦ፣ ተመዝግቦ፣ ምክንያቱ ተነግሮ ነው አለ። በልማድ መዝጋት አይቻልም።

በሳቡ ጉዳይ ዳኛዋ ሎሬታ ፕሬስካ ነበረች። የቀረቡላት ምክንያቶች ሁለት ናቸው፦ ምርመራው እንዳይበላሽና የሰውየው ደኅንነት። በየዝግ ችሎቱ እነዚህ ሁለቱ ተጣብቀው ነው የሚመጡት። እንደ አንድ ነገር ይነበባሉ፣ ዳኛም እንደ አንድ ነገር ይቀበላቸዋል። እኔ ግን ይህን ጉዳይ ደጋግሜ ሳነብ ያየሁት፣ ሁለቱ ጨርሶ አንድ አለመሆናቸውን ነው። የሚያበቁበት ቀን ይለያያል። የምርመራው ምስጢር የሚያበቃው ሌሎቹ ሰዎች የተያዙ ቀን ነው። የሰውየው አደጋ ደግሞ የሚጀምረው የዚያኑ ቀን ነው።

የሆነውም ይኸው ነው።

ማርች 5/2012 ከሳቡ ጋር ይጻጻፍ የነበረው ሀከር ጄረሚ ሃመንድ ቺካጎ ውስጥ ተያዘ። በማግሥቱ፣ ማርች 6፣ መዝገቡ ተከፈተ። በእንግሊዝና በአየርላንድ ያሉ አራት ሰዎችም ክስ እንደቀረበባቸው ተነገረ። የሞንሰጉር ስም፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ የሠራው ሥራ፣ የዝግ ችሎቱ ቃል ሳይቀር በአንዴ አደባባይ ወጣ። ከአንድ ቀን በፊት በትዊተር ገጹ የፌዴራል መንግሥቱን ፈሪዎች ብሎ እየሰደበ ተከታዮቹን እጅ እንዳትሰጡ ሲላቸው ነበር። ሰው ያን መልእክትና የፍርድ ቤቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ አነበበ።

ንዴቱ ወዲያው መጣ። በማግሥቱ የአንድ ጸረ ቫይረስ ኩባንያ ድረ ገጽ ተሰብሮ፣ ሳቡ እንደከዳቸው የሚናገር መልእክት ተለጠፈበት። ያ የኢንተርኔቱ ነው። መንገድ ላይ የሆነው ደግሞ በኋላ ዐቃቤ ሕግ ለቅጣት ውሳኔ ባቀረበው ጽሑፍ ውስጥ ተጽፏል፦ ትብብሩ ከታወቀ በኋላ ሞንሰጉር መንገድ ላይ እየተጠጉ የሚያስፈራሩት ሰዎች አጋጥመውታል፤ እሱንና አንዳንድ ቤተሰቦቹንም መንግሥት ከሚኖሩበት አንሥቶ ሌላ ቦታ አስፍሯቸዋል።

ስለዚህ ማሸጊያው ምን ሠራ? ጊዜ ገዛ። ከጁን 2011 እስከ ማርች 2012፣ ዘጠኝ ወር። በዚያ ጊዜ ሰውየው ቤቱ ተቀምጦ፣ ልጆቹን እያሳደገ፣ ምንም ሳይነካው ኖረ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ማንም እንዲያቃልለው አልፈልግም። ግን ማሸጊያው ራሱ ሰውን አያድንም። ሰውን የሚያድነው በዚያ በተገዛው ጊዜ ውስጥ ለመክፈቻው ቀን የተዘጋጀው ነገር ነው፦ የሚዛወርበት ቤት፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ዘመዶቹ፣ ስልኩ። ዳኛ «ለተከሳሹ ደኅንነት ሲባል ይታሸግ» ብሎ ሲፈርም ሊጠይቀው የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ ብዬ አምናለሁ። ሲከፈት ይህ ሰው የት ነው የሚሆነው? ይህ ጥያቄ ካልተጠየቀ፣ ደኅንነት የሚለው ቃል ለምርመራው ምስጢር እንደ ማጀቢያ ነው የቀረበው ማለት ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፣ ዝም ያለ መዝገብም ይናገራል። የመዝገብ ማውጫ ላይ ሰነዶች በተራ ቁጥር ነው የሚገቡት። 11፣ 12፣ 13 ብሎ ሄዶ ድንገት 17 ካለ፣ መሃል ላይ ያሉት የት ሄዱ? ለሚያውቅበት ሰው ክፍተቱ ራሱ መልስ ነው። ወይም አብረው የተከሰሱት ሁሉ ቅጣታቸው ተነቦ፣ የአንዱ ብቻ ቀጠሮ ለወራት ሲገፋ። በአሜሪካ እስር ቤቶች አዲስ የመጣ ሰው «ወረቀትህን አምጣ» ይባላል፤ ጥፋተኛ ነኝ ሲል ከዐቃቤ ሕግ ጋር የፈረመውን ስምምነት ወይም የመዝገቡን ማውጫ ማሳየት አለበት። የታሸገ ነገር ካለበት አለቀለት። ማሳየት አልፈልግም ካለም አለቀለት።

ይህ ግምት አይደለም። የፌዴራል ዳኝነት ማዕከል የሚባለው የፍርድ ቤቶቹ የጥናት ተቋም ዳኞችን፣ ዐቃቤ ሕጎችን፣ ተከላካይ ጠበቆችንና የአመክሮ ሠራተኞችን ጠይቆ ነበር። ከ2012 እስከ 2015 ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ በተባባሪ ተከሳሾችና ምስክሮች ላይ የደረሰ ቢያንስ 571 ጉዳትና ዛቻ ተመዝግቧል። ግድያም አለበት። ብዙ ጊዜ ሰዎቹ የታወቁት ከራሱ ከፍርድ ቤቱ ሰነድ ነው።

ከዚያ በኋላ በጁን 2016 የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን አስተዳደር የሚመለከተው ኮሚቴ አንድ ሐሳብ አቀረበ። የእያንዳንዱ ተከሳሽ መዝገብ አንድ የታሸገ ተጨማሪ ክፍል ይኑረው፤ ተባበረም አልተባበረም። እያንዳንዱ የእምነት ቃል ሲሰማ ዳኛው ጠበቆቹን ለብቻ ጠርቶ የሚያነጋግርበት የታሸገ ክፍል ይኑር፤ የሚባል ነገር ኖረም አልኖረም። ያኔ ሁሉም መዝገብ አንድ ዓይነት ይመስላል፣ ወረቀቱን የሚጠይቀው ሰውም የሚለይበት ነገር ያጣል። ብልሃቱ ገብቶኛል፣ ያስገደደውም ነገር ያማል። ግን ልቤ አይቀበለውም። አንድን ሰው ለመደበቅ የሁሉንም ሰው መዝገብ ማሸግ፣ አልካንታራ ላይ የተከለከለውን የልማድ ማሸግ በሌላ በር ማስገባት ነው። ዳኞችም ራሳቸው በዚህ ላይ አልተስማሙም።

ማሸግ ማብቂያ ሲያጣ ምን እንደሚመስል ደግሞ እዚያው ከተማ፣ ወንዙን ተሻግሮ ብሩክሊን ውስጥ የነበረ ሌላ መዝገብ ያሳያል። ፌሊክስ ሳተር በዲሴምበር 1998 በ40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የአክሲዮን ማጭበርበር ጥፋተኛ ነኝ አለ። መዝገቡ ታሸገ። መዝገቡ ላይ ስሙ ጆን ዶ ነበር፣ ማለትም ስም የለሽ። ከዓመት ዓመት ከመንግሥት ጋር ሠራ፤ ዐቃቤ ሕጎች ስለ ማፊያም ስለ አልቃይዳም ትልቅ መረጃ እንደሰጠ ጽፈውለታል። ቅጣቱ የተነበበው በኦክቶበር 2009 ነው፦ 25,000 ዶላር መቀጮ፣ እስር የለም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን እሱ በሪል እስቴት ሥራ ላይ ነው፣ ከሰዎች ጋር ይዋዋላል። ገንዘባቸውን በማጭበርበሩ ያጡት ሰዎችም፣ አብረውት የሚሠሩትም መዝገቡን ከፍተው ማየት አይችሉም። ማውጫው መከፈት የጀመረው በ2012 ነው፤ ትብብሩን የሚዘረዝረው ደብዳቤ ይፋ የሆነው በ2019። ሃያ ዓመት ሞልቷል።

የሳተር አደጋ እውነት አልነበረም እያልኩ አይደለም። በማፊያ ላይ የመሰከረ ሰው አደጋ አለበት። ግን ሃያ ዓመት የተዘጋ በር ውስጥ ደኅንነቱ የት ላይ እንደሚያበቃና የሌላው ሰው ጉዳት የት ላይ እንደሚጀምር የሚለካ ሰው የለም። የሚለካው ሰው መጀመሪያ መዝገቡ መኖሩን ማወቅ አለበት።

ወደ ሳቡ ልመለስ፤ እዚያም የሌላ ሰው ጥያቄ አለ። ሃመንድ ስትራትፎር የሚባለውን ድርጅት በመስበሩ በኖቬምበር 2013 በዚያችው ዳኛ ፊት 10 ዓመት ተፈረደበት። ከስትራትፎር የተወሰደው መረጃ የተጫነበትን ሰርቨር ያቀረበው ሳቡ ነው፤ ሰርቨሩን የሚቆጣጠረው ደግሞ ኤፍቢአይ ነበር። ሃመንድ ቅጣቱ ሲነበብ በሰጠው ቃል፣ የውጭ አገር መንግሥታትን ድረ ገጾች እንድሰብር ዝርዝር ይሰጠኝ የነበረው ሳቡ ነው አለ። የአገሮቹን ስም ሲጠራ ዳኛዋ ስሞቹ ከመዝገቡ እንዲሰረዙ አዘዘች። በሁለቱ መካከል የተደረገው የውይይት ቅጂም ለጠበቆች ቢሰጥም ለሕዝብ እንዳይወጣ በትእዛዝ ታግዶ ቆየ። ያኔ እንግዲህ የሳቡ ማንነት ከታወቀ ዓመት ከስምንት ወር አልፎታል። የቀረው ማሸጊያ የማንን ደኅንነት ነው የሚጠብቀው? ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ጆሮ ጠቢዎች ይገደሉ እያለ አይደለም። የመጀመሪያው ምክንያት ሲያልቅ ማሸጊያው አብሮ ማለቅ ነበረበት ነው የሚለው፣ እኔም እንደዚያው ነኝ።

ሞንሰጉር ራሱም ነፃ ሆኖ አልቆየም። በሜይ 2012 ያልተፈቀደለትን ነገር ኢንተርኔት ላይ በመጻፉ ዋስትናው ተነሥቶ ታሰረ፣ በዲሴምበር ወጣ። ሰባት ወር። የቅጣት ቀጠሮው ደጋግሞ ተላለፈ።

በመጨረሻ ሜይ 27/2014 ችሎት ቀረበ። በቅጣት መመሪያው ሲሰላ ከ259 እስከ 317 ወር የሚያሳስር ጉዳይ ነው፤ ከሃያ አንድ ዓመት በላይ። ዐቃቤ ሕግ በትብብሩ ቢያንስ 300 የኮምፒውተር ጥቃቶች እንደከሸፉ ወይም ጉዳታቸው እንደቀነሰ ጽፎ ቅጣቱ እንዲቀልለት ጠየቀ። ዳኛዋ የታሰረው ሰባት ወር ይበቃዋል አለች፤ አንድ ዓመት ክትትልም ጨመረችበት።

እንዲህ ያለ የትብብር ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ታሽጎ ነው የሚገባው። ምን እንዳደረገ፣ ማንን እንዳስያዘ፣ ማን እንዳስፈራራው ዝርዝሩ ሁሉ እዚያ ስለሚገኝ። የሳቡ ግን ከችሎቱ ቀናት በፊት በግልጽ ገባ፤ ጋዜጠኞች ጫፍ እስከ ጫፍ አነበቡት፣ እኔም ከላይ የጻፍኩት የመንገዱ ዛቻና የመዛወሩ ነገር የተገኘው ከዚያው ነው። አዲሱ አድራሻቸው ብቻ የለበትም።